የማኤስትሮ ኦቶሪኖ ክር

ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ስትነሱ፣ ማን ጠራህ ሳትሉት አጠገባችሁ ቆሞ የሚገኝ አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ። መኪና ከሆነ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ፍሪጅ ከሆነ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ላም ከሆነች ጥርሷን ያያል። ከዚያ ራሱን ይነቀንቅና፣ ወር ሙሉ ስትመኙት የኖራችሁትን ዕቃ በሁለት ቃል ገድሎት ይሄዳል። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም፣ ሹመት የለውም፣ ተሳስቶም አያውቅም።

በእኛ ሸለቆ ዕቃው ጠመንጃ ነው። ከጣሊያኗ ከተማ ከብሬሻ ወደ ላይ ወንዙን ተከትሎ ያለው መንደር ሁሉ የጠመንጃ ሠሪ መንደር ነው። አባቶቻችን ብረት ሲቀጠቅጡ፣ እናቶቻችን የሰደፍ እንጨት በዘይት ሲያሹ ኖረዋል። እኛ ደግሞ እሁድ እሁድ ወደ ሰማይ በሚወረወር የሸክላ ሳህን ላይ እንተኩሳለን። ታዲያ ሰውዬአችንም እንደ ዕቃው ከበድ ያሉ ናቸው፤ ክቡር ማኤስትሮ ኦቶሪኖ ጊቲ ይባላሉ። ማኤስትሮ ማለት የሙያ ሊቅ ነው፤ ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ አርባ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የጠመመ በርሜል በዓይናቸው እያዩ ሲያቃኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን ስማቸውን ያለ ማኤስትሮ ልጥራ ቢል፣ ማንም ሰው አፉ አይታዘዝለትም።

እሳቸው ጠመንጃ ሲመረምሩ ያላየ ሰው ዝምታ አየሁ አይበል። መጀመሪያ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ቀጥለው ጠመንጃዋን ፈታትተው ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ ከኪሳቸው አንዲት ሰም የተቀባች ክር ያወጡና፣ ሁለቱን በርሜሎች በክሯ አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ ኳ ያደርጓቸዋል። ጤነኛ በርሜል እንደ ደወል ይጮኻል፤ ብየዳው የላላ ከሆነ እንደ ተሰነጠቀ ድስት ጧ ብሎ ዝም ይላል። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ማኤስትሮ አይተነፍሱም፤ እኛም አንተነፍስም። አንድ ቀን ልክ በዚህ መሃል ምርመራው የሚካሄድበት የጠመንጃ ሱቅ ስልክ ጮኸ። የሱቁ ባለቤት ኤርሲሊያ፣ በገዛ ሱቋ፣ በገዛ ስልኳ፣ ቆማ ይቅርታ ጠየቀች።

ከደወሉ በኋላ መስኮቱ ይመጣል። በርሜሉን ወደ ብርሃኑ ይዘው በውስጡ የሚደረደሩትን የብርሃን ቀለበቶች ያያሉ። የመንደራችን ውል አዋዋይ አንድ ጊዜ “ከእጄ ወድቃ የማታውቅ” ያላትን ጠመንጃ ሊሸጥ መጣ።

“ወድቃለች” አሉ ማኤስትሮ ዓይናቸውን ሳያነሱ። “በግራ ጎኗ፣ ድንጋይ ላይ። ቁልቁለት ሳይሆን አይቀርም።”

“ማን ነገረዎት?”

“ብርሃኑ። ቀለበቱ እዚህ ጋ ክብ አይደለም።”

በሰው ቤትና መሬት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረው ትልቅ ሰውዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። “ውሻው ነው የጎተተኝ” ብሎ ተናዘዘ።

ሌላ ጊዜ ከታች ከተማ የመጣ አንድ ሰው ያቀረበላቸውን ጠመንጃ ሰደፍ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ “የዚች ሰውዬ ጢም ነበረው” አሉ። ሻጩ ሳቀ። ቆይቶ መሳቁን ተወና ከቦርሳው የአያቱን ፎቶ አወጣ። የአያትዬው ጢም ደረታቸው ላይ ይደርስ ነበር። እንጨቱን ሠላሳ ዓመት በጉንጫቸው ሲሞርዱት ኖረዋል። እኔ በዚያ ቀን እዚያው ነበርኩ፤ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ነበር፤ አልዋሽም።

የፍርዳቸው ቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ጠመንጃዋን መልሰው ይገጣጥማሉ፣ ኮፍያቸውን ያደርጋሉ፣ ገዢውን በሐዘኔታ ያዩና “ባሏ ሌላ ነው” ይላሉ። በእሳቸው ሃይማኖት ሰደፍ የተቆረጠው በአንድ ሰው ክንድ፣ በአንድ ሰው ጉንጭ ልክ ነው። ለሌላው ጠመንጃዋ ሙሽራ ብትመስልም ዒላማ ታስታለች። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ “ዓይንህን ጨፍን፤ ወደ ትከሻህ አምጣት፤ ግለጥ። ጫፏ ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ፍሬ ብቻ ካየህ ያንተ ናት። ከፍሬዋ በፊት የበርሜሉ ጀርባ እንደ መንገድ ተዘርግቶ ከታየህ፣ መንገዱ ወደ ሌላ ሰው ቤት ነው።”

እኔ ኔቪዮ እባላለሁ፤ ፖስታ አድራሽ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የራሴ ጠመንጃ አልነበረኝም፤ በክበቡ ጠመንጃ ነበር የምተኩሰው። ይህ ለማንም ግድ ባልሰጠ ነበር፣ የቅዱስ ሮኮ በዓል ግጥሚያ ባይኖር ኖሮ። በየዓመቱ የእኛ አምስት ሰዎች ከወንዙ ማዶ መንደር አምስት ሰዎች ጋር ይተኩሳሉ፤ የተሸነፈው ወገን መላው ሸለቆ እያየው ለአሸናፊው ፖለንታ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ያማስላል። አምስተኛው ሰዋችን ማኤስትሮ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ሐኪሙ ከእንግዲህ የጠመንጃ ርግጫ እንዳይነካዎት አላቸው። ቦታቸው ባዶ ቀረ። ሁለት ዓመት ሳንተኩስ ፖለንታ አማሰልን። በደንቡ መሠረት ሦስተኛ ዓመት አምስት ካልሞላን ግጥሚያው ይቀርና ዋንጫው ለዘላለም ወደ ማዶ ይሻገራል። በደንቡ መሠረት ደግሞ ተጋጣሚ የሚተኩሰው በገዛ ጠመንጃው ነው። ወጣቶቹ ሚላኖ ሄደዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከማኤስትሮ ጋር አሥራ አንድ ጠመንጃ አየሁ። አሥራ አንዱም ባል ነበራቸው። አንዷን “ሁለት ጣት ትረዝምሃለች” አሉ፤ ሌላዋን “ጉንጭህ አየር ላይ ቀረ”፤ ሌላዋን “አንገትህ ምን አጠፋ?” በየጊዜው ያቺን ክር ያወጡና ከክርኔ እጥፋት እስከ ሌባ ጣቴ፣ ወይም ከጉንጬ አጥንት እስከ ትከሻዬ ይዘረጓታል። ከዚያ አንድ ቋጠሮ ቋጥረው ወደ ኪሳቸው ይመልሷታል። የገደሏቸውን ጠመንጃዎች የሚቆጥሩ መሰለኝ።

“ስንት ደረሱ ማኤስትሮ?” እላቸዋለሁ።

“ገና ነው።”

“በዓሉ እኮ ደረሰ!”

“በዓሉ ቀን አለው። አንተ ነህ ልክ የሌለህ።”

እውነቱን ልናገር፤ ክፉ አሰብኩ። አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየሰማኝ፣ “ሽማግሌው እሳቸው ካልተኮሱ ማንም እንዲተኩስ አይፈልጉም” አልኩ። ማንም አልሳቀም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ግጥሚያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኤርሲሊያ ደወለችልኝ። አብራኝ ተምራለች፤ ለእኔ ርኅራኄ የላትም።

“ሁለት ገብተውልኛል። ሽማግሌህን ይዘህ ና። ዛሬ ካልመረጥክ የፖለንታ ማማሰያ እሸጥልሃለሁ።”

የመጀመሪያዋ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ጎኗ ላይ ሁለት ቆቆች ከሣር ውስጥ ሲነሱ ተቀርጾባታል። የሰደፏ እንጨት እንደ ማር ሆኖ በውስጡ ጥቁር ደም ሥር ይሄድበታል። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ቅርጽ የለሽ፣ ሰው በእጁ ሲሸከማት የኖረበት ቦታ ላይ ቀለሟ የለቀቀ ነበረች። እኔ ቆቆቹን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም።

ማኤስትሮ ኮፍያቸውን አወለቁ። የቆቆቹን በርሜል በክሯ አንጠልጥለው መቱት፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። መስኮቱ ጋ ያዙት፤ ቀለበቶቹ ሁሉ ክብ ነበሩ። ጠመንጃዋን ለመክፈት የምትገፋዋን የላይኛዋን ምላስ ነኩ፤ ገና ወደ ቀኝ ዘንበል ብላለች፤ ስታረጅ ነው ወደ መሃል የምትመጣው።

“ጤነኛ ናት” አሉ።

ወንበር ፈለግሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህችን ቃል ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛዋን አነሱ። አልፈቷትም። አልመቷትም። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

“ይቺም ጤነኛ ናት።”

“ማኤስትሮ፣ አልመረመሯትም እኮ!”

“ጤነኛ ናት አልኩህ። በል ምረጥ፤ እኔ ዝናብ እንዳለ ልይ።” ክሯን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። የሐምሌ ፀሐይ ድንጋይ ታቃጥል ነበር።

ከኤርሲሊያ በቀር ብቻዬን ቀረሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ከእጄ ሲነጥቁኝ የተናደድኩት ሰውዬ፣ አሁን ምረጥ ስባል የቷን እንደማነሳ ግራ ገባኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆቆቹን ወደ ትከሻዬ አመጣሁ። ስገልጥ ከፍሬዋ በፊት ሰፊ መንገድ አየሁ። ደገምኩ፤ መንገዱ እዚያው ነው። አንገቴን ሳብ አደረግሁ።

“አንገትህን ምን ትዘረጋዋለህ?” አለች ኤርሲሊያ። “ፎቶ ልትነሳ ነው?”

ጥቁሯን አነሳሁ። ጨፈንኩ፤ አመጣኋት፤ ገለጥኩ። ፍሬዋ ብቻ። ደገምኩ፤ ፍሬዋ ብቻ። አሥር ጊዜ ደገምኩ። እኔ ወደ እንጨቱ አልሄድኩም፤ እንጨቱ ራሱ መጥቶ ጉንጬ ላይ ተቀመጠ። አውቃለሁ፣ ቆቆቹን ዞር ብዬ አንዴ አየኋቸው፤ እንዲያውም ሁለቴ።

“ጥቁሯ” አልኩ፣ እንደ ተቀማ ሰው።

ኤርሲሊያ ለካራቢኒየሪ ፖሊሶች የሚገባውን የሽያጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋችው። የገዢ ስም፦ ባዶ። የሻጭ ስም፦ ኦቶሪኖ ጊቲ።

ሁለቴ አነበብኩት። ጠመንጃዋን ገለበጥኩ። የሰደፏ ጫፍ አዲስ ተቆርጧል፤ ጉንጭ የሚያርፍበት ተልጓል፤ ዘይቱ ገና ይሸታል። ክሯን አነሳሁና ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ዘረጋኋት። ከቋጠሮዎቹ አንዱ ልክ ጫፉ ላይ አረፈ። በጉንጩ በኩል ዘረጋኋት፤ ሌላው ቋጠሮ አረፈ። ጠመንጃ ሲቆጥሩ አልነበረም። እኔን ሲለኩ ነበር።

“ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ደህና ነበሩ” አለች ኤርሲሊያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አፍሽን ያዢ ስላሉኝ ያዝኩ። ልክህን ቶሎ አግኝተውት ነበር፤ የገዛ ጠመንጃቸውን መቁረጡ ነው የከበዳቸው። አንዴ ካጠረች ወደ እሳቸው ጉንጭ አትመለስማ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይልጓትና መጥተው እዚህ ይቀመጣሉ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለምን በሽያጭ?”

“በስጦታ ካገኛት አመስጋኝ ይሆናል፤ አመስጋኝ ሰው ደግሞ ዒላማ ይስታል አሉኝ። በል ፈርም።”

ፈረምኩ። የተንጋደደው ፊርማዬ ዛሬም ካራቢኒየሪዎቹን ያስቃቸዋል። መጠጥ ቤት ውስጥ ያልኩትን በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ማኤስትሮ ውጭ ድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ።

“ዝናብ አለ ማኤስትሮ?”

“የለም። የቷን?”

“ጥቁሯን።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ነገር ልላቸው ነበር የወጣሁት፤ የመጣልኝ ግን አንድ ብቻ ነው።

“ባሏስ ማኤስትሮ?”

“ጉንጩን ከእንጨቱ አንስቷል” አሉና ኮፍያቸውን አደረጉ።

የቅዱስ ሮኮ ዕለት ሃያ አምስት ሳህን ተወረወረልኝ። “ልቀቅ!” ባልኩ ቁጥር ጥቁሯ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ቀለሃ ልቀይር ዞር ስል ከገመዱ ወዲያ አየኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀዋል፤ ጉንጫቸውን ምንም በሌለበት አየር ላይ አስደግፈዋል። ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች በኋላ እንደነገሩኝ፣ በተኮስኩ ቁጥር የእሳቸው ቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ ይል ነበር። ያን ዕለት በሸለቆው ውስጥ ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው አልነበረም፤ ጳጳስም ቢመጣ ቦታ የሚለቅላቸው ይመስለኝ ነበር።

ማዶዎቹ ፖለንታውን ሲያማስሉ ሰው ሁሉ ከቦኝ ጀርባዬን ይመታል። ሃያ አንድ መትቻለሁ፤ በዕድሜዬ ከአሥራ አራት አልፌ አላውቅም። ማኤስትሮ ሕዝቡን እየሰነጠቁ መጡ። አቅፈው ይስሙኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን ጠመንጃዋን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ከፍተው በርሜሏን ወደ ብርሃን ይዘው አዩ፣ መለሱልኝ።

“አራቱን የሳትከው አንተ ነህ” አሉ። “ሃያ አንዱን የመታችው እሷ ናት።”

አልተሳሳቱም።