ላስቲኩ ያልተቀደደ ቀበቶ

ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ እንዳለው ቢያውቅ ኖሮ ብዕሩን አስቀምጦ ይተኛ ነበር። አንደኛው የተጻፈውን ያነባል፤ ሁለተኛው ያልተጻፈውን። እኛ ድሬዎች በብዛት ከሁለተኛው ወገን ነን። ሚኒባሱ ውስጥ «ትርፍ መጫን ክልክል ነው» የሚል ተለጥፎ እያለ ረዳቱ ሦስት ሆናችሁ በተቀመጣችሁበት ላይ አራተኛ ሰው ይጨምርባችኋል። ስትቆጡ፣ «አቦ፣ ይሄ እኮ ትርፍ አይደለም፣ ጎረቤቴ ነው» ይላችኋል። ምን ትመልሳላችሁ? ትጠጋላችሁ። አበው «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ። ክረምት ላይ ከተራራ የሚወርደው የእኛ ደቻቱ ወንዝ ግን ይህን ተረት የነገረው ያለ አይመስለኝም።

የእኔ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሕግ ለመተርጎም ከሦስተኛ ክፍል በላይ እንደማያስፈልግ እንድታውቁት ነው። በሰፈራችን የቀበሌ ማስታወቂያም ይምጣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የተማረ ያነባል፣ እኔ እተረጉማለሁ። መተዳደሪያዬ ግን ሌላ ነው። ከዚራ ሰፈር ዳር ባለች ሱቄ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ።

የወንድሜ ልጅ ሰሚራ አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው ያደገችው። ቀን ቀን ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ አባቷ የተወላትን አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ሆድ ዕቃውን እየዘረገፈች መልሳ ትገጥማለች። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ፣ መብራት ሲበራ ተወርውሮ፣ በቀጥታ አስፋልት ላይ ማን እንደሚቀድም የሚታይበት ውድድር አለላችሁ። መታጠፍ የለ፣ መዞር የለ፤ አስነጥሳችሁ ቀና ስትሉ አልቋል። ሰሚራ ለዚህች ለአንድ ማስነጠሻ ሦስት ዓመት ሙሉ ተዘጋጀች። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁባት። ኋላ ግን ዘይት በነካው እጇ ራት ስትበላ እያየሁ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር እንዲህ ከወደደች ይሁንላት አልኩ።

ውድድሩ ወደ ድሬ እንደሚመጣ ሲነገር የደህንነት ደንቡም በወረቀት መጣ። ሰሚራ ታነባለች፣ እኔ እየሰፋሁ እተረጉማለሁ። በመኪናው ውስጥ ያልታሰረ ነገር እንዳይኖር ይላል፤ ምንጣፉን አወጣን፣ ከመስታወቱ የተንጠለጠለውን ማሻአላህ ሳይቀር አወረድን።

«ይሄንን ማውረድ እንኳ ያስፈራል» አልኳት።

«በልቤ እለዋለሁ፣ አክስቴ።»

የእሳት ማጥፊያው በብሎን ይታሰር ይላል፤ ታሰረ። አሽከርካሪ ልቅ ልብስ አይልበስ ይላል። ሰሚራ ስለ ሻሿ ተጨነቀች። «የሚበር ጨርቅ ነው እንጂ የፈሩት ሻሽ አይደለም» ብዬ ተረጎምኩና ከሄልሜቱ ሥር እንዳይላላ አድርጌ ሰፋሁላት። በዚህስ ልክ ነበርኩ። ትርጉሜ ሁሉ እየሰመረ ሳለ ቀበቶው ላይ ደረስን።

ይህ ቀበቶ በአንድ ትከሻ የሚያልፈው የተራ መኪና ቀበቶ አይደለም። ሁለቱን ትከሻና ወገብን ጠፍንጎ ሰውን ከወንበሩ ጋር አንድ የሚያደርግ ነው። ገና መኪናዋን ስትጀምር ዱባይ የሚሠራው ልጄ ነው የላከላት። በመጣበት ቀን ልትገጥመው ስትል ከእጇ ቀማኋት። አዲስ ዕቃ በመጣበት ቀን ይነካል እንዴ? እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። በእኛ ሙቀት እዚያ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ እንደ ፕላስተር እየተላጠ ነው የሚነሳው፤ ሶፋው ከሥር ያረጃል፣ ላስቲኩ ግን አይቀደድም። ደህና ነገር ለደህና ቀን ነው። እኔም ቀበቶውን ከነላስቲኩ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኩት። «ለዋናው ቀን ይቆይ፤ እንዳትነኪው» አልኳት። አልነካችውም።

ደንቡ ታዲያ ከተሠራ ሁለት ዓመት ያለፈው ቀበቶ አያገለግልም ይላል፤ ቀኑም ቀበቶው ላይ ተጽፏል። ላስቲኩን ቀደን ብናየው ቀኑ አልፏል። ውድድሩ እሑድ ነው፤ ሌላ ማስመጫ ጊዜ የለም። ሰሚራ ወረቀቱን ይዛ ቀረች።

«አትደንግጪ» አልኳት። «ይሄ ለተጠቀመበት ሰው ነው የተጻፈው። ያልተነካ ነገር ከየት አምጥቶ ያረጃል? ሳያገባ የሚፈታ አለ?»

ልትስቅ ፈልጋ ተወችው።

ትርጉም ብቻውን አይበቃም፤ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ጎረቤታችንን ሐጂ ዩሱፍንና የባቡር ጡረተኛውን ጋሽ ከበደን አስከትዬ እሑድ ጠዋት በመልካ ጀብዱ በኩል ወደ ተዘጋው አስፋልት ሄድኩ። መኪኖቹን የሚፈትሸው ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። «እርስዎ» ሲለኝ ከኋላዬ ማን ቆሟል ብዬ ዞር አልኩ፤ እኛ አገር ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው።

ሐጂ ጀመረ። «ልጄ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው። ይቺን ልጅ ማርልን።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ምኑን ልማራት?»

ሐጂ ወደ ጋሽ ከበደ ተመለከተ። ጋሽ ከበደ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነገር ሲጠናበት ብቻ የሚያወጣትን የባቡር ፈረንሳይኛውን አወጣ። «ሙሲዬ» አለ፣ ጌታዬ ለማለት። ከዚያ ቆመ። ከሙሲዬ በኋላ ያለውን ረስቶታል።

ያን ጊዜ እኔ ገባሁበት። ያልተነካ ነገር እንደማያረጅ፣ ቀኑ ለነጋዴ እንደተጻፈ፣ ቀበቶው ከቁም ሳጥን አናት ወርዶ እንደማያውቅ አስረዳሁ። ሰውየው አላቋረጠኝም። ስጨርስ ሥራዬን ጠየቀኝ። የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ አልኩት።

«እንግዲያው ቀኑን ለጊዜው እንተወው» አለና ቀበቶውን እጄ ላይ አኖረው። «ስፌቱን እርስዎ ይዩትና ይንገሩኝ።»

ደህና ነው ብዬው ቢሆን ምን ሊያደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ምንም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ክር ስይዝ ኖሬ በክር ልፈተን? እንደ ልማዴ የአውራ ጣቴን ጥፍር ስፌቱ ላይ አሳርፌ ሳብ አደረግሁት።

ክሩ ዱቄት ሆኖ ጥፍሬ ሥር ቀረ።

ሌላ ቦታ ሞከርኩ። ያው ነው። ሱቄ የሚመጣ ሰው፣ «ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ስፌቱ ለምን ተተረተረ?» ሲለኝ ስንት ጊዜ መልሻለሁ፤ ሙቀት ክርን ሳትቀመጥበትም ይበላዋል እላለሁ። ለደንበኛ የምናገረውን ለራሴ ቁም ሳጥን አልተናገርኩም። ያቺ ቆርቆሮ ሥር፣ ለደህና ቀን ብዬ፣ የሰሚራን ደህንነት በገዛ እጄ ሳበስለው ከርሜያለሁ።

ሰሚራ ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ታየኛለች። ሽማግሌዎቼም ያዩኛል። «ደህና ነው» ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚፈጀው። ከሁለቱ ቃላት በኋላ ግን እሷ ናት እዚያ ውስጥ የምትቀመጠው።

«ሰሚራ፣ አይሆንም» አልኩ።

«አክስቴ፣ እንዳትነኪው ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም።

ሌሎቹ መኪኖች ሲወረወሩ አጥሩ ጋ ቆመን አየን። በየመሐሉ ያን ደንብ የጻፈውን ሰው አስበው ነበር። እዚያ ወረቀት ላይ ያለች እያንዳንዷ መስመር ከመጻፏ በፊት የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ላይ ደርሳ ይሆናል። ያ ሰው አክስት ነበረችው ይሆን? ደህና ቀን የምትጠብቅ?

ሽማግሌዎቹን በሚኒባስ ሸኝተን ሁለታችን በዲኤክሱ ተመለስን። ሰሚራ ቀስ ብላ ትነዳለች፣ አታናግረኝም። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ደረሰና ሹፌሩ በመኪናዋ ጎን የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ አንገቱን አወጣ። «ወሪያ፣ ስሙማ፣ ውድድሩ ዛሬ አይደለም እንዴ?» ብሎ አልፎን ሄደ።

እግሯ ነዳጁ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው ያጉረመረመው። ከዚያ እግሯን አነሳች።

«ይለፍ፣ አቦ» አለች። ትንሽ ሄደን፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ልጅሽን አዲስ ቀበቶ እንዲልክ ንገሪው።»

«ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።»

«የማስቀምጠው ግን እኔ ነኝ።»

«እሺ። የት ልታስቀምጪው ነው?»

«ትከሻዬ ላይ» አለች።

ይህን ወደ የትም ልተረጉመው አልቻልኩም።