ጀለቢያ የማያሰበስበው ስኩተር

ወንድ ልጅ ስኩተር ላይ ተቀምጦ አይታችሁ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስቄአለሁ፤ ሞተረኛ ነኛ! የአሶሳው ማንጎ ነጋዴ ሐጂ ሙሳ ወይፈን የሚያክል ስኩተር ሲገዙ «የሴት ሞተር!» ብዬ አሽሟጠጥኩ። ጉልበቱን መቼ አወቅኩ?

አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ፣ ባምባሲ ሰርግ ተጠርተን፣ ዳገቱ ላይ ከሞተሬ ጋር ስታገል ሐጂ ሽው ብለው አለፉኝ። እግራቸውን የስኩተሩ ወለል ላይ ገጥመው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ፣ ችሎት እንደተሰየመ ዳኛ ቀጥ ብለው! ማርሽ መቀየር የለ፣ ጩኸት የለ።

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ስደርስ፣ የስኩተሩ የፊት መከለያ የጋረደው ጀለቢያቸው ላይ የጭቃ ጠብታ የለም።

«ወላሂ፣ አንተ ሞተር አትነዳም» አሉኝ፤ «ሞተር ነው አንተን የሚነዳህ።»

በማግስቱ እንደሳቸው ያለ ነጭ ጀለቢያ አሰፋሁ። አሁን የሚቀረኝ ስኩተሩ ብቻ ነው።