የስኳር ሊቋ አባት

በልጁ የማይኮራ አባት የለም፤ አንዳንዱ ግን ኩራቱ ለብቻው ስለሚከብደው ለአላፊ አግዳሚው ያካፍላል። በናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር የምግብ ቤት ባለቤት የሆኑት ክቡር አቶ ካሣሁን ከዚህ ወገን ናቸው። ጥብስ ያዘዘ ሰው፣ ጥብሱ እስኪደርስ ስለ ልጃቸው ስለ አቢግያ ይሰማል። ማታቱው፣ ማለትም ታክሲው፣ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ የተነሣውንም ወሬው እስኪያልቅ ድረስ በር ድረስ ይሸኙታል።

«ልጄ በስኳር ላይ ነው የምትመራመረው» ብለው ይጀምራሉ።

አቢግያ የምትሠራው እዚያው ናይሮቢ ባለ የኤችአይቪ ክትባት ላቦራቶሪ ነው። ስኳሩም ቫይረሱን ከላይ የሸፈነው ስኳር ነው። አባቷ ግን ይህችን ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ስለሚዘሏት፣ ኢስትሊ በሙሉ የስኳር በሽታ ሐኪም አደረጋት። ቅዳሜ ለምሳ ስትመጣ ወይዘሮ ታየች ጫማቸውን አውልቀው የደነዘዘ እግራቸውን ያሳዩዋታል። የጨርቅ ነጋዴው በድሩ ማንጎ ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከኢምባካሲ ድረስ ሽንቱን በጠርሙስ ይዞ የመጣ ሰው ጠበቃት።

የዚያን ዕለት አባቷን ወደ ጓዳ ወስዳ፣ ስለ ሥራዋ ለማንም እንዳይናገሩ ለመነቻቸው። አቶ ካሣሁን እሺ አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ምግብ ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት መሰለ። አንገታቸውን ደፍተው ጠረጴዛ ሲወለውሉ ስታይ አንጀቷን በሏት።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ሰሞን፣ በውጭ አገር ሲካሄድ የቆየ አንድ ትልቅ የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ውጤት ስላልሰጠ መቋረጡ ተሰማ። በላቦራቶሪው የሁሉም ፊት ጠቆረ። አቢግያም ዓመታቴን በከንቱ አባከንኩ ይሆን እያለች አባቷ ዘንድ መጣች። ጓዳ በር ላይ እጇን ስትታጠብ የበድሩን ድምፅ ሰማች።

«ፖሌ፣ ጋሽ ካሣሁን» ብሎ በስዋሂሊ አጽናናቸው። «ልጅቷ የምትሠራው የዚሁ ክትባት ቤት ነው ብለውኝ ነበር አንድ ጊዜ፤ ሥራዋ አበቃ ማለት ነው እንግዲህ?»

አቶ ካሣሁን ቃላቸውን አፈረሱ። ድምፃቸው ግን የጉራ ድምፅ አልነበረም።

«ስማኝ በድሩ። ይኼ ቫይረስ ሌባ ነው። ከገዛ ሰውነታችን ስኳር ወስዶ ይለብሳል። የሰውነታችን ዘበኞች የቤት ሰው ይመስላቸውና ያሳልፉታል። ሲነቁበት ደግሞ አለባበሱን ይለውጣል። ያ ክትባት የሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ የእኔ ልጅ የምታጠናው ልብሱን ነው። አንድ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሁሉም አይዘጋም።»

አቢግያ ቧንቧውን ዘጋች። ይህን የነገረቻቸው ዓምና፣ እሳቸው ኳስ እያዩ ሽሮ ሲበሉ ነበር። አንዲት ቃል እንኳ የሰሙ አልመሰላትም ነበር። እጇን ሳታደርቅ ወጥታ አጠገባቸው ወንበር ሳበች።

«አባዬ፣ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ» አለች። «ሌባው ልብሱን እንደኛ አይለብስም፤ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ይደራርበዋል። በዚያ የሚለየው ዘበኛ ከአንድ ታማሚ ደም ውስጥ ተገኝቷል። የኛ ሥራ የጤነኛ ሰው ዘበኞችም ይህን የሚማሩበትን መንገድ መፈለግ ነው።»

አቶ ካሣሁን ተነሥተው፣ መስኮቱ አጠገብ ገና ወደተቀመጡ ሁለት እንግዶች አመሩ። አቢግያ አላስቆመቻቸውም። ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠቻቸው። ሲጨርሱ ያገኘችባቸው ስሕተት አንድ ብቻ ነበር፤ ዶክትሬቷን ገና ያልጨረሰችውን ልጅ «ፕሮፌሰር» ብለዋታል። እሱንም ሳታርመው ቀረች።