የአዴር ዒሴ ሽምግልና

«ስም የማያሳስት ሽማግሌ አጎት አለኝ» የሚል ካለ፣ ወይ አጎት የለውም፣ ወይ ይዋሻል። የዐብዲራዛቅ አጎት ክቡር አዴር ዒሴ ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ዐብዲራዛቅን ለመጥራት «ሳላሕ! ሃሺ! ይሳቅ!» ብለው የመጋላን ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ካስነሱ በኋላ «አንተን እኮ ነው!» ብለው ያርፋሉ። ታይዋን ገበያ ቻርጀር ሊገዙ ሄደው፣ የተጣሉ ሁለት ነጋዴዎች አስታርቀው፣ ያለ ቻርጀር ይመለሳሉ። «ምን ነበር የላካችሁኝ?» ይላሉ ደግሞ፣ ኮራ ብለው።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የሚወዳትን ሂንዳን ለዐብዲራዛቅ ሚስትነት ሊጠይቁ የተላኩት! የቤተሰቡ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን አልፎ ሌላ መላክ ነውር ነው። የሂንዳ አባት ሐጂ ዐብዲሰላም ደግሞ ቱግ ባይ ናቸው። አምና ለሌላ ጎረምሳ ሊጠይቋት የመጡ ሽማግሌዎች ስሟን ቢያሳስቱ፣ ሻይ እንኳ ሳያስጨርሱ ሸኝተዋቸዋል።

ዐብዲራዛቅ አዴርንና ሁለት ባልንጀሮቻቸውን በባጃጁ ጭኖ፣ እስከ ሂንዳ ሰፈር እስከ ሳቢያን ድረስ ስሟን ሲያስጠና ሄደ።

«አዴር፣ ስሟ ማን ነው?»

«ሂንዳ! ሕፃን አደረግከኝ እንዴ፣ ዋርያ!»

ደረሱ። የሚጠየቅለት ልጅ ራሱ መግባት ባይገባውም፣ «ሹፌር ነኝ» ብሎ ደጃፉ ላይ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። አዴር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መረቁ፤ ነገሩን አሳመሩት። «የመጣነው እንግዲህ ልጅህን...» አሉና ስሟ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ዐብዲራዛቅን ላብ አጠመቀው። ሐጂ ዐብዲሰላም ፊታቸውን ማጥቆር ጀመሩ።

አዴር ግን ፈገግ አሉ። «ስሟንስ እኔ አልጠራውም። ስም ያወጣላት አባቷ ተቀምጦ፣ በገዛ ቤቱ ቀድሜው ብጠራት ድፍረት ነው። አንተ ጥራልን።»

የሐጂ ፊት በራ። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አይቼ አላውቅም! ሂንዳ ነች። ሰጥቻችኋለሁ!»

ጓዳው በእልልታ ቀለጠ። ዐብዲራዛቅ ከደስታው ብዛት የማን ጫማ እንዳደረገ እንኳ አላወቀም።

ሲመለሱ አላስቻለውም። «አዴር፣ አክብረህ ነው ወይስ ጠፍቶህ?»

«ጠፍቶኝ ነዋ!» አሉ አዴር፣ እየሳቁ። «በአንተ ዕድሜ ቢሆን አፍሬ፣ ተንተባትቤ፣ ሁሉን አበላሸው ነበር። አሁን ማፈሩንም ረስቼዋለሁ።»

ዐብዲራዛቅ መሀል መንገድ ላይ ባጃጁን አቆመ። እኚህን ሰው በአሥር አንደበተ ርቱዕ ጎረምሳ ለውጥ ቢሉት አይለውጥም። ወርዶ ግንባራቸውን ሳመ፤ ከኋላ የመኪና ጡሩንባ ሲያንባርቅበትም፣ ደግሞ ሳመ።