ለከርነል የተላከ ሽማግሌ

[ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የመዝሙር ግጥም በትልቁ ስክሪን የሚያሳየው ዮፍታሄ ላፕቶፑ ላይ ኢሜይል ይጽፋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ገብረመድህን ከጀርባው ቆመው ያነባሉ።]

ገብረመድህን፦ ሰላምታ የለውም!

ዮፍታሄ፦ ኢሜይል እኮ ነው ጋሼ። ሰላምታ አያስፈልገውም።

ገብረመድህን፦ ሰው ቤት ሳታንኳኳ ትገባለህ?

ዮፍታሄ፦ የምን ቤት? ስለ ከርነል ነው የምጽፈው! የኮምፒውተሩ እምብርት፣ ሁሉን የሚያዘው ፕሮግራም።

ገብረመድህን፦ እምብርትም ቢሆን ባለቤት አለው። እስቲ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብለህ አስረዳኝ። ስክሪኑ በየእሁዱ ለምን ይጠቁርብናል?

ዮፍታሄ፦ ስክሪኑን የሚያዘው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ስህተት አለበት። አዲሱ ከርነል ላይ ተስተካክሏል። የኛ ግን የቆየው፣ የተረጋጋው ነው።

ገብረመድህን፦ አዲሱን ጫነዋ!

ዮፍታሄ፦ አዲሱ ገና ይንገዳገዳል። የተረጋጋውን የያዝነው ምንም ነገር እንዳይለወጥብን ነው።

ገብረመድህን፦ ስህተቱም አብሮ ተረጋጋልሃ።

ዮፍታሄ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ለዚህ ነው ከአዲሱ ላይ ማስተካከያዋን ብቻ ወስጄ ለአሮጌው የማስማማት።

ገብረመድህን፦ አሃ! ከአዲሱ ማታቱ ታክሲ ፍሬን ነቅለህ ለአሮጌው ትገጥማለህ።

ዮፍታሄ፦ [ደስ ብሎት] ልክ ነዎት!

ገብረመድህን፦ አዲሱ ማታቱ ያለ ፍሬን ሊሄድ ነው? እግዚአብሔርን አትፈራም?

ዮፍታሄ፦ ኮፒ ነው ጋሼ! ኮፒ!

ገብረመድህን፦ ሳዋ፣ ሳዋ፣ እሺ። ታዲያ እንደ ያኔው እዚሁ ገጥመህ አትተወውም?

ዮፍታሄ፦ ገጥሜው አልነበር? ሁለት እሁድ ሠራ። ከዚያ ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ የኔን ጠርጎ ጣለው። ዋናው ከርነል ውስጥ ካልገባ ዘላቂ አይሆንም። ያንን የሚፈቅደው ሰውዬ ደግሞ ደጋግሞ መለሰብኝ።

ገብረመድህን፦ ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?

ዮፍታሄ፦ [ኮራ ብሎ ያነባል] «ይህን አስገባ። ካልገባህ ኮዱን አንብብ።»

ገብረመድህን፦ ጌታ ሆይ! እሱስ ምን አለህ?

ዮፍታሄ፦ «ማን ምን ተቸገረ? ማንስ ሞከረው?» ይለኛል! ኮድ የሚያነብ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? ከዚህ በኋላ አላነብልህም ብሎኛል። እናንተ ደግሞ በዚህ ወር ካልተስተካከለ የስክሪኑን ሥራ ለሌላው ልጅ ለናትናኤል እንሰጣለን አላችሁ። እኔ ከዚህ ስክሪን ሌላ ምን አለኝ?

ገብረመድህን፦ ጸልየን ነው የወሰንነው።

ዮፍታሄ፦ ስለዚህ ልጽፍለት ነው፤ ዛሬ ልኩን እነግረዋለሁ!

ገብረመድህን፦ [እጁን ይይዙታል] ተው! ሽምግልናዬን ታበላሽብኛለህ።

ዮፍታሄ፦ የምን ሽምግልና?

ገብረመድህን፦ ሰው ሚስት ሲፈልግ ራሱ ሄዶ በር ይደበድባል? ሽማግሌ ይላካል። ትናንት እኔ ጻፍኩለት። ደብዳቤውን ልጄ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችልኝ፣ አድራሻውንም እሷ አገኘችው።

ዮፍታሄ፦ ጋሼ! ያ አድራሻ እኮ የአደባባይ ነው! የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ያነበዋል!

ገብረመድህን፦ እሰየው። ብዙ ምስክር አገኘን። [ስልካቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ያነባሉ] «ለተከበሩ ወንድማችን፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ደጅዎ ቆመናል። ልጃችን ዮፍታሄ አፉ ክፉ ነው፣ እጁ ግን ደህና ነው…»

ዮፍታሄ፦ አለቀልኝ።

ገብረመድህን፦ «…መዝሙሩ አዝማች ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ይጠቁራል። ሕዝቡ ግጥሙ ይጠፋበትና ግማሹ ያጉረመርማል፣ ግማሹ የራሱን ይፈጥራል። የልጁ ማስተካከያ የተገጠመ ሰሞን ግን እስከ ቡራኬ አልጠቆረም። እኛ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠን አይተናል። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም።»

ዮፍታሄ፦ [ራሱን ይዞ] ከእንግዲህ ስሜን ያየ ሁሉ ይስቅብኛል! አንድ መስመር ኮድ እንኳ የሌለበት ደብዳቤ! ሰውዬው ሊያብድ ነው!

[ላፕቶፑ ጢን ይላል። ዮፍታሄ ያያል፤ አፉ ይከፈታል።]

ገብረመድህን፦ ምን አለ?

ዮፍታሄ፦ [እየተንተባተበ ያነባል] «ማን እንደተቸገረና ማን እንደሞከረው አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ማስተካከያውን ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው እትም ይወጣል።» [ዘሎ ያቅፋቸዋል] ገባ! ጋሼ፣ ገባ! ስክሪኑ የኔ ነው! አላልኩዎትም? መጨረሻ ላይ ኮዴን አነበበው ማለት ነው!

ገብረመድህን፦ እልል በል! ጨርሰው እንጂ፣ ከታች ገና አለ።

ዮፍታሄ፦ [ድምፁ እየወረደ] «ማሳሰቢያ፤ ከእንግዲህ ዮፍታሄ ማስተካከያ ሲኖረው በቀጥታ አይላክልኝ። አቶ ገብረመድህን መርምረው፣ ሲያምኑበት ብቻ፣ በእሳቸው በኩል ይምጣልኝ።»

[ጋሼ ገብረመድህን ወንበር ስበው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣሉ።]

ገብረመድህን፦ በል እንግዲህ ልጄ፣ ቀጣዩን ሥራህን አቅርብና ልመርምረው። በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ…

ዮፍታሄ፦ [በትሕትና] ምን ጋሼ?

ገብረመድህን፦ ያ ከርነል ያልከኝ ነገር ምን ነበር?