ዓሣ ሊያይ የመጣ ምስር ወጥ

እንግዳ ሦስት ዓይነት ነው፤ ተጠርቶ የሚመጣ፣ ሳይጠራ የሚመጣና ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ። የመጀመሪያው ይዘገያል። ሁለተኛው ልክ ምሳ ሲቀርብ ይደርሳል። ሦስተኛው ግን ቤታችሁ ገብቶ ሲኖር ሲኖር ይቆይና አንድ ቀን ጢሙን ታያላችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ምንም እንኳ ሁለተኛው በመካከል ገብቶ ወጉን ቢያበላሽብኝም።

ልጄ ናቲ እንግልውድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል። እኔ አውሮራ አፓርታማችን ውስጥ ከግድግዳ ጋር ስፋጠጥ እውላለሁ። ይህ አሳዝኖት ኖሮ አንድ ቀን የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳ አስጭኖ መጣና ሳሎኑ ውስጥ ተከለው። "እማዬ፣ ካምፓኒ ይሆኑሻል" አለኝ። የሰው እናት ስታረጅ አንዱ ሠራተኛ ይቀጥርላታል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳታል፤ የእኔ ልጅ ባሕር ገዛልኝ። ያውም ዴንቨር አጠገብ፣ ደመና ካልሆነ በቀር ከባሕር የመጣ ዘመድ በማይታይበት ተራራ ሥር። እኔስ ብሆን ባሕር ከሌለው አገር የመጣሁ አይደለሁ? ስወጣ ነበረው፤ ዘወር ስል አጣሁት።

ለጨው ውሃ ገንዳ ዓሣ ብቻ አይበቃውም። "ላይቭ ሮክ" የሚሉት ድንጋይ ይገባበታል። ከባሕር ወለል የወጣ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ሲያዩት ያረረ ድፎ ዳቦ የሚመስል ድንጋይ ነው። ሕያው ያሰኘው በየቀዳዳው የተሸሸገው ፍጥረት ነው። ስታመጡት ሞቶ የተቀመጠ ይመስላችኋል። ውሎ ሲያድር አንዱ ክንድ ያወጣል፣ አንዱ ጢም ያወጣል፣ አንዱ ሳትገዙት የመጣ ቀንድ አውጣ ሆኖ መስታወቱ ላይ ይንሸራሸራል። ዓሣ አርቢዎቹ "ሂችሃይከር" ይሏቸዋል፤ መንገድ ዳር ቆሞ አውራ ጣቱን ቀስሮ በሰው መኪና የሚሄደውን መንገደኛ ማለታቸው ነው። ዲቪ ሳይሞሉ፣ ኢንተርቪው ሳይቀርቡ አውሮራ የገቡ ናቸው። እኛ ሰፈር ማን ከማን ጋር ተለጥፎ እንደ መጣ መጠየቅ ነውር ስለሆነ እኔም ብዙ አላስጨነቅኋቸውም።

ነገር ግን ማን ምን እንደሆነ መለየት ግድ ነው። አንዳንዱ ቆሻሻ እየበላ ቤት የሚያጸዳ ነው፤ አንዳንዱ ዓሣ ይበላል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ጥቅሙን ግን እስከዚያ ጊዜ አላየሁትም ነበር። ናቲ ባለሥዕል ወፍራም መጽሐፍ ገዛልኝ፤ ኮምፒውተሩንም ከፍቶ ዓሣ አርቢዎች የሚጨቃጨቁበትን ገጽ አሳየኝ። አንዱ የደበዘዘ ፎቶ ይለጥፍና "ይህ ምንድን ነው?" ይላል። ሁለተኛው "ግደለው" ይላል። ሦስተኛው "ብትገድለው አረመኔ ነህ" ይላል። አራተኛው ፎቶውን ሳያይ ሁሉንም ይሰድባቸዋል። የአገሬን ሰው ስብሰባ ስለመሰለኝ ወዲያው ለመድኩት።

የለየሁትን ሁሉ የምነግረው ለታናሽ እህቴ ለዘውዴ ነበር። ዘውዴ ናዝሬት ነው የምትኖረው። ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሑድ እሑድ ናቲ ከሐበሻ ሱቅ በሚያመጣልኝ የስልክ ካርድ እደውልላታለሁ። ስለ ገንዳው መጀመሪያ ስነግራት "አገር በሞላ ባሕሩን ሲያጣ አንቺ ሳሎንሽ ውስጥ አገኘሽው? በይ እንግዲህ ወደቡን አከራዪን" አለችኝ። ምላሷ እንዲህ ነው። እኔ መራራ ነኝ ይሉኛል፤ እሷን ስላልሰሟት ነው።

እኔ የፈረንጅ ስሙን ከመጽሐፍ አነብላታለሁ፣ እሷ የአማርኛ ስም ታወጣለታለች። ሲነኩት ጠጉር የመሰለ እሾሁን ጣት ላይ ሰክቶ የሚሄደውን ትል "አማቴ" አለችው። ቀጭን ክንዱን ብቻ ከቀዳዳ እየላከ የወደቀ ፍርፋሪ የሚለቅመውን የባሕር ኮከብ "ዲያቆን" አለችው። አበባ መስሎ የሚናደፍ፣ ቢቆርጡት ሁለት የሚሆን፣ ሁለቱን ቢቆርጡ አራት የሚሆን አንድ ጉድ ነበር፤ እሱን ሳትውል ሳታድር "ፓርቲ" ብላ ሰየመችው።

ኩላሊቷ ደክሞ ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበር። ስለዚያ አናወራም። "እንዴት ነሽ?" ስላት "እኔን ተይኝና ምን ብቅ አለ?" ትለኛለች፤ ከድንጋዩ ማለቷ ነው። ደካማ ድምፅዋ ስለ ድንጋዩ ስትጠይቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ምንም ብቅ ያላለበት ሳምንት ቢኖር እንኳ አንድ ነገር ብቅ አደርግ ነበር።

አንድ ብቻ ቀረ ያልለየነው። ከታች ባለው ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ይኖራል፤ ከጢሙ በቀር አይታይም፤ ድንገት ግን "ቋ!" ያደርጋል፣ መስታወት በጠጠር የተመታ ያህል። ናቲ "ዓሣ የሚፈጀው ዓይነት ሽሪምፕ ይሆናል፤ ድንጋዩን አውጥተን እንጣለው" አለ። ዘውዴ ይህን ስትሰማ ጮኸች፤ "ስም ሳላወጣለት እንዳትነኩት! ሳይጠመቅ አይቀበርም!" ምን መሰለሽ ስላት ካርዱ አለቀና ተቋረጠ።

በዚያው ሳምንት ለየሁት። ብቅ ሲል አየሁት፤ ሽሪምፕ የሚሉት ያ አንበጣ መሳይ የባሕር ፍጥረት ነው፤ አንዱ ጥፍሩ ከሌላው እጥፍ ይበልጣል። ያ ትልቁ ነው የሚጮኸው። መጽሐፉን ሳገላብጥ ዓሣ ፈጂው አይደለም፤ ዓይኑ ደካማ የሆነ፣ ጩኸቱ ብዙ፣ ጉዳቱ ጥቂት የሆነ ፍጥረት ነው። እንዴት እንደ ተደሰትኩ! ለዘውዴ ልነግራት ቸኮልኩ።

ናቲ ካርዱን ረሳ። በማግስቱም ረሳ። ቀጥሎ "እማዬ፣ የናዝሬት ላይን ፕሮብሌም አለው፤ ለማንም አይገባም" አለኝ። "እንግዲያው ድንጋዩ አይጣልም" ብለው "ኦኬ እማዬ" አለ። "እራትህን ዛሬ ቶሎ ብላ" ብለው "ኦኬ እማዬ።" ይህ ልጅ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አሜሪካ ያደገ፣ ሰላምታዬን እንኳ የሚከራከረኝ ልጅ ነው። እናቱን የማይከራከር ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ሊያገባ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በስልክ ሲያንሾካሹክም ሰማሁት። "ሽማግሌዎቹ በጠዋት ይምጡ፤ አቶ ታደለ ይናገራል፤ እሷ ምንም አታውቅም" ይላል። አቶ ታደለ የሰፈራችን ንግግር አዋቂ ነው።

በጠዋት ሽማግሌ! ምን ጥርጥር አለው? ልጄ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌዎቹን እዚህ ሰብስቦ፣ እኔን አስፈቅዶ፣ ወደ ልጅቷ ወላጆች ልኮ ሊያገባ ነው። እንባዬ መጣ። ለዘውዴ የምነግራት ሁለት ሆነ፤ የሽሪምፑ ማንነትና የሙሽራዋ ማንነት። ሙሽራዋን ገና አልለየኋትም፤ ግን እንደ ሽሪምፑ ቀስ ብላ ብቅ ትላለች ብዬ ቤቱን ጠራረግሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ናቲ ሥራ እንደ ሄደ በር ተንኳኳ። የሺ ናት። የሺ ግሌንዴል የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች አሮጊት ፈረንጆችን የምትጠብቅ ወዳጃችን ናት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ትሪ አቅፋለች። እግሯ ሥር አንድ ካርቶን ውሃ አለ። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷን ከቧታል። እኔ ደግሞ አበባ ያለበት የቤት ቀሚሴን ለብሼ፣ የዓሣ ምግብ በእጄ ይዤ ፈገግ ብያለሁ።

ፍጥረትን በአንድ ምልክት ብቻ መለየት ስሕተት ነው። ጥቁር ቀሚስ ብቻውን ምንም አይደለም፤ የሺ ያቀጥነኛል እያለች ታዘወትረዋለች። ትሪም ብቻውን ምንም አይደለም። ጥለቱ ወደ ላይ የወጣ ነጠላ ግን በእኛ አገር የሚለበሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

የሺ ፈገግታዬን አየች። "እግዚአብሔር" ብላ ጀምራ ነበር፤ እዚያው ቆመች። ትሪውን በጉልበቷና በግድግዳው መካከል ደግፋ በአንድ እጇ ነጠላዋን ገለበጠችው፤ ጥለቱ ወደ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ያየሁት መብራት ሲበራባቸው ከሚሸሹት ከድንጋዩ ነዋሪዎች ብቻ ነው።

"ምነው የሺ፣ በጠዋት?" አልኳት።

"ዓሣውን ልይ ብዬ ነው እትዬ።"

"ምስር ወጥ ይዘሽ?" ሽታው ደርሶኛል።

"ከማኅበር ተርፎ ነው።"

"ውሃውስ?"

"ለ... ለዓሣው" አለች፣ ምስኪን።

ካርዱ፣ የናዝሬት መስመር፣ "ኦኬ እማዬ"፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከየቀዳዳቸው ወጡ። ሙሽራ የለችም። ዘውዴም የለችም።

ልጠይቃት እችል ነበር። የሺ መዋሸት አትችልበትም፤ ስለ ውሃው ስትዋሽ አይታችኋታል። ግን ካልጠየቅኋት ማንም አልነገረኝም ማለት ነው። ካልተነገረኝ ደግሞ በእኛ ሥርዓት አይለቀስም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ሰው አይሞትም። እስኪነግሩኝ ድረስ እህት አለችኝ። ማነው ይህን በገዛ አፉ የሚያሳጥር?

"ነይ ላሳይሽ" ብዬ ወደ ገንዳው ወሰድኳት። "ይህ አማቴ ነው። ያ ክንዱን የላከው ዲያቆን ነው። እዚያ የተባዛው ፓርቲ ነው።"

የሺ ሳቀች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ተበላሸ። "ማነው እንዲህ ያላቸው?" አለች።

"ዘውዴ ናት እንጂ፣ ሌላ ማን አለኝ?"

ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደገፈች። "ጨዉ ዓይኔ ገባ" አለች። ገንዳው ክዳን አለው። በዚህ መሐል ከታች "ቋ!" አለ። ክው ብላ "ይሄኛውስ?" አለችኝ።

"እሱ ገና ስም የለውም። ነገ እሑድ አይደል? ከዘውዴ ጋር እንነጋገርበታለን።"

የሺ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች። እኔ ዓሦቹን መገብኩ።

በኋላ እንደ ሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እዚህ ጎህ ሲቀድ ግማሹ ሰው ከሥራ ይወጣል፣ ግማሹ ይገባል፤ ስለዚህ መርዶም በሺፍት ይደለደላል። የእኔ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተቀጥሮ ነበር። ያለ አቶ ታደለ ወፍራም ድምፅ በዚህ ከተማ መርዶ አይነገርም። እሱ ደግሞ ዳውንታውን አንድ ሕንፃ ይጠብቃል፤ የሥራ ባልደረባው "ታምሜያለሁ" ብሎ ቀረና አለቃው አልለቅህም አለው። ወደ እሑድ ተዛወረ። ለሁሉም ተደወለ፤ የሺ ግን ፈረንጇ ዘንድ ስታድር ስልኳን ዘግታ ነበር። መርዶው ተነግሮ ያለቀ መስሏት በቀጥታ ለለቅሶው መጣች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሑድ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። የመኪና በሮች እንዳይሰሙ ተብሎ ቀስ እየተደረጉ ሲዘጉ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ጥቁር ቀሚሴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም። አበባ ያለበትን እንደ ለበስኩ ቁጭ አልኩ። ልጄ ስንት ተጨንቆ ያዘጋጀውን እንዴት ላበላሽበት? ሽማግሌዎቹ ገብተው ጫማቸውን እያዩ ቆሙ። አቶ ታደለ ከአዳም ጀመረ። በሙሴ በኩል ዞረ። ናቲ ከኋላዬ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጓል። እኔ ደግሞ ስሰማ እንዴት እንደምደነግጥ በልቤ እየተለማመድኩ ነበር። "ምነው? ምን ተፈጠረ?" ልል ተዘጋጅቻለሁ።

ከዚያ አቶ ታደለ ስሟን ጠራ። ምንም ማስመሰል አላስፈለገኝም። የተለማመድኩት ሁሉ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ ጩኸቱ ቀደመኝ። ለካ ማወቅና መስማት አይገናኙም። ይህን ያነበብኩት አንድም መጽሐፍ አልነገረኝም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ናቲ ወጥ ቤት ውስጥ ለየሺ ሲያወራ ሰማሁት፤ "ምንም አልጠረጠረችም፣ ታንክ ጋድ። ብትጠረጥር ኖሮ ብቻዋን ሆና ስትሰቃይ ትውል ነበር። ያ ነበር የፈራሁት።" የሺ ሰሐን እያጠበች ነበር። ቀና ስትል በበሩ በኩል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። "ምንም፣ ምንም አላወቁም" አለችው። ያን ቀን መዋሸት ተማረች።

ያ ቋ ባይ ዛሬም አለ፤ ስም የለውም። ሰው ሊያወጣለት ሲሞክር እከለክላለሁ። ናቲም በአውሮራ ታዋቂ ሆኗል፤ መርዶ በመጣ ቁጥር ለእሱ ይደወላል። "የእናቴን እኮ እኔ ነኝ ያቀናበርኩት፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አላወቀችም" እያለ ይመክራል። ሲናገር ፊቱ ላይ የማየውን እፎይታ በምንም አልለውጠውም።

አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ልጅ ሳለ ፊደል ላስቆጥረው ስል ጠረጴዛ ሥር ይገባብኝ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ተናድጄበታለሁ። አሁን ይኸው ጠቀመኝ። ይህን ስጽፍ መጣና በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ "ስለ ምንድን ነው እማዬ?" አለኝ። "ስለ ዓሣው" አልኩት። እናንተም ወደ አውሮራ ብቅ ብላችሁ ድንገት ቢጠይቃችሁ ስለ ዓሣው ነው በሉት። አደራ።