ጋሽ ልክነው እምቢ ያሉ ቀን

እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዝናብ ሊመጣ ነው ስትሉት ይስማማል፤ ኧረ ፀሐይ ነው ስትሉት ደግሞ ደመናውን ራሱ ያባረረው ይመስል ይስማማል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እንወደዋለን፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ግን የለም።

የእኛ ሰፈር ክቡር ተስማሚ ፀጉር አስተካካያችን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይኖራል፤ እኛ ግን ከአፋቸው በማትጠፋው ቃል «ጋሽ ልክነው» እንላቸዋለን። አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ብስክሌተኞች ከተማዋን አበላሿት አለ። «ልክ ነው ወንድሜ» አሉት። ተራውን የሚጠብቀው የሒሳብ መምህር በብስክሌት የሚመላለስ ነውና፣ ያበላሿትስ መኪኖች ናቸው አለ። ጋሽ ልክነው መቀሳቸውን እንኳ ሳያቆሙ ለእሱም ያችኑ ቃል ሰጡት። ሁለቱም እንዳሸነፉ ወጡ። እኔ ራሴ ለሙከራ ያህል ቤቴን ጥቁር ላስቀባው አስቤያለሁ ብላቸው፣ ጥቁር እድፍ ይችላል ብለው አበረታቱኝ። ባለቤታቸውማ «እናግባ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ልክ ነው ከማለት በቀር ምን አለ?» እያሉ ይስቃሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ የመንገዱን ጠርዝ ከልሎ የብስክሌት መስመር ሲያበጅ ሱቃቸው ፊት መኪና ማቆም ቀረ። ሹፌሮቹ አማረሩ፤ ጋሽ ልክነው አብረው አማረሩ። ብስክሌተኞቹ ተደሰቱ፤ አብረው ተደሰቱ። እንዲህ በሰላም ስንኖር መንግሥት አዲስ መመሪያ አወጣ፦ በዋና መንገዶች ላይ ያሉት የብስክሌት መስመሮች ተነሥተው ቦታው ለመኪና ይመለሳል፤ ከእንግዲህም ያለ ፈቃድ አዲስ አይሠራም። ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ልጆቹን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚልክ፣ በብስክሌት ሥራ የሚሄድ፣ ዕቃ የሚያደርስ ሁሉ ተቃውሞውን ይዞ ማዘጋጃ ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ተገኘ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መቆሚያ አልነበረውም።

የመጡልን ኃላፊ ግን ዘዴኛ ሰው ናቸው። ጠዋት ፂማቸውን የተላጩት ጋሽ ልክነው ዘንድ ነበር፤ እግረ መንገዳቸውንም የመመሪያውን ጥቅም ዘርዝረው የሚጠብቁትን መልስ አግኝተዋል። ስለዚህ ማንም እጅ ሳያወጣ ወደ እሳቸው ጠቁመው፣ የመንገዱን ነጋዴዎች ስሜት እኚህ አባት ይግለጹልን አሉ። መምህሩ አጠገቤ ሆኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አለቀልን ማለቱ ነው።

ጋሽ ልክነው ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይሆንም» አሉ።

ከኋላ አንዱ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል አለ። ባለቤታቸው ሰው የሞተባቸው ይመስል በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። እኔም የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ሌላ ሰው ተናግሮ እንደሆነ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ኃላፊው ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንደ ቀረ፣ ጠዋት ተስማምተን አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ጠዋት ምላጩ አንገትዎ ላይ ነበር» አሉ ጋሽ ልክነው። «ምላጭ ይዤ ከሰው ጋር አልከራከርም።»

አዳራሹ ሊስቅ ሲል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ፖስተኛውን ታውቁታላችሁ» አሉ። «ያን ጭንቅላት አበጥሬ፣ ሽቶ ነካ አድርጌ ሰደድኩት። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ገና ከደጄ ሳይርቅ መኪና ገጨው። ሮጬ ወጣሁ። ያንኑ ጭንቅላት አስፋልት ላይ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሽቶው እንኳ አልጠፋም ነበር። ያኔ መስመሩ አልነበረም። አሁን አለ። አይነሣም።»

ኮፍያቸውን አጥልቀው ተቀመጡ። አደጋውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀብሩ ላይ ነበርን። ሬሳውን ታቅፈው የተቀመጡት እሳቸው እንደሆኑ ግን ያን ቀን ነው የሰማን። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ ስለ ኳስም ስለ ዝናብም እየተስማሙ ሲቆርጡን፣ ይህን በሆዳቸው ይዘው ነበር።

ኃላፊው ለበላይ አቀርባለሁ ብለው ወጡ። ያቀረቡ አይመስለኝም፤ በሳምንቱ መስመሩን የሚፍቀው ማሽን እየጮኸ መጣ። ጋሽ ልክነው የመቁረጫ ወንበራቸውን እየጎተቱ አውጥተው መስመሩ መሐል ተከሉትና፣ ተረኛ ካለ ይምጣ አሉ። ሌላ ድንጋጤ የጠበቀን እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ መጥቶ የተቀመጠው የታክሲ ሹፌሩ ነው። ከእሱ ኋላ መምህሩ፣ ከመምህሩ ኋላ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ፀጉር ያለውም የሌለውም ተሰለፈ። ፖሊስ መጥቶ በትሕትና ወንበሩን እንዲያነሡ ለመናቸው። እሳቸውም በዚያው ትሕትና እንደማያነሡ ነገሩት። ማሽኑ እስኪመሽ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ፣ በመጣበት ተመለሰ።

የእኛ መንገድ እንደገና ይጠና ተባለና መስመሩ ቀረልን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ግን ተፍቀዋል። ጋሽ ልክነው ሰዎች እንኳን ደስ አለዎት ሲሏቸው ፊታቸው አይፈታም፤ ሱቃቸውን ዘግተው የማዶዎቹ ስብሰባ ላይ እየሄዱ ይቆማሉ።

ችግሩ እምቢታን አንዴ ቀምሰዋታል። አሁን ከሁሉ ጋር ይከራከራሉ፤ ምላጭ መያዛቸውም አያግዳቸውም። ባለፈው ፀጉሬ ሳስቶ የሚታየው በመብራቱ ምክንያት ነው ብላቸው፣ ማሽኑን አጥፍተው በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ። «ሄዷል ልጄ። አይመለስም» አሉኝ። ክው አልኩ።

ከመንገዱ ባሻገር አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ቆራጩ ወጣት ነው፤ የገባውን ሁሉ ወጣት ነህ እያለ ይሸኛል አሉ። ግማሹ ደንበኛ ወደዚያ ሄዷል። እኔ እዚሁ ወረፋ እጠብቃለሁ። ጋሽ ልክነው ቆርጠውኝ ሲያበቁ ትከሻዬን አራግፈው እስከ በር ይከተሉኛል። ክንዴን ይዘው መንገዱን ግራ ቀኝ ካላዩ አይለቁኝም። እኔ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ቤቴም ከሱቃቸው ቀጥሎ ነው፤ የምሻገረው መንገድ የለም። እስኪለቁኝ ግን ዝም ብዬ እቆማለሁ።